ታራሚን በምክር ብቻ ማረም አይቻልም

ከማረሚያ ቤት የሥነ ልቦና ክፍል የሚወጣ የሩብ ዓመት ሪፖርት ብዙ ጊዜ አንድ መልክ አለው፦ ይህን ያህል መቶ ታራሚ ግቢ ውስጥ ተሰብስቦ ስለ ወንጀል አስከፊነት ትምህርት ተሰጠ፣ ይህን ያህሉ ደግሞ በግል ተመከረ። ቁጥሩ ለበላይ አካል ያምራል። ወንጀል ክፉ መሆኑን ግን ታራሚው ድሮም ያውቃል። ቄሱ ነግረውታል፣ ሼሁ ነግረውታል፣ እናቱ አልቅሳ ነግራዋለች፣ ዳኛው በዓመት ቆጥሮ ነግሮታል። ማንም ያላስተማረው ሌላ ነገር ነው፦ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ ሰው እየሰማ ሲሰደብ፣ እጁ ወደ ሽመሉ ከመሄዱ በፊት ባለችው ቅጽበት ምን እንደሚል፣ እግሩን ወዴት እንደሚያዞር። የታራሚ የሥነ ልቦና ሕክምና የሚሠራው እዚያች ቅጽበት ላይና ወደዚያች ቅጽበት ባደረሰው መንገድ ላይ ነው።

ይህን የምጽፈው ወሎ ውስጥ በማረሚያ ቤቶች ለሚመደቡ አዳዲስ የሥነ ልቦናና የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች ነው። ስለ እርቅ ያለውን ክፍል ሽማግሌዎችና ጠያቂ ቤተሰቦችም ቢያዩት ይጠቅማቸዋል።

መጀመሪያ «ለመሆኑ ይህ ነገር ይሠራል ወይ?» ለሚል። በ1974 እ.ኤ.አ. (የውጭ ጥናቶችን ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አሜሪካዊው ሮበርት ማርቲንሰን የተሃድሶ ፕሮግራሞችን ገምግሞ ያወጣው ጽሑፍ «ምንም አይሠራም» ተብሎ ተወሰደና ለዓመታት ቅጣትን ብቻ ለሚያምኑ ሰዎች ምርኩዝ ሆነ። ሰውዬው ራሱ በ1979 ሐሳቡን አሻሽሏል፤ ያንን ያነበበለት ግን ጥቂት ነው። በ1990 ካናዳውያኑ ዶን አንድሩስ፣ ጄምስ ቦንታና ሮበርት ሆጅ ጥያቄውን አዞሩት፦ ለማን? በምኑ ላይ? በምን መንገድ? ከዚያ በኋላ በ2005 ላንደንበርገርና ሊፕሲ 58 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመዝኑ፣ በአስተሳሰብና በባህሪ ላይ የሚሠራው ሕክምና (ሲቢቲ የሚባለው) ዳግም ወንጀልን በአማካይ በሩብ እንደሚቀንስ አዩ፤ ከ100 ሰው 40 ይመለስ የነበረበት ቦታ ወደ 30 ይወርዳል ማለት ነው። ይበልጥ የረዳው ደግሞ ቁጣን የመግዛትና ከሰው ጋር የሚነሳን ችግር የመፍታት ልምምድ ያለበት ነው። ይህ ታላቅ ድል አይመስል ይሆናል። አሥሩ ሰው የሚያቆስለውን ሰው ስትቆጥሩት ግን ይለያል።

ማንን ነው የምትይዙት?

ባለሙያው አንድ ወይም ሁለት፣ ታራሚው በመቶዎች ሲሆን ትልቁ ውሳኔ ምርጫው ነው። እዚህ ላይ የሚሠራው የተለመደ ስህተት የቅጣቱን ርዝመት የአደጋው መለኪያ ማድረግ ነው። በድንበር ጠብ ሰው ገድሎ 15 ዓመት የተፈረደበት፣ ከዚያ በፊት ፖሊስ ጣቢያ ረግጦ የማያውቅ የ50 ዓመት ገበሬ አለ። ከደሴ መናኸሪያ በስልክ ንጥቂያ ለሦስተኛ ጊዜ ተይዞ 8 ወር የገባ የ19 ዓመት ልጅም አለ። ማረሚያ ቤቱ ጊዜውን የሚሰጠው ለገበሬው ነው፤ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይና ሥርዓት ስላለው። ወደ ወንጀል የመመለስ ዕድሉ የሚበልጠው ግን ልጁ ነው፤ እሱ ደግሞ ማንም ሳያናግረው 8 ወሩን ጨርሶ ይወጣል። (ደም ያለበት ገበሬ የራሱ ሌላ አደጋ አለው፤ እመለስበታለሁ።)

የካናዳውያኑ መርሕ ስምንት ነገር እንድታዩ ይጠይቃል፦ የቀድሞ የወንጀል ታሪክ፣ ግብታዊነትና የሰው ስሜት አለማየት፣ ወንጀልን የሚያጸድቅ አስተሳሰብ፣ በዚያው መንገድ ያሉ ጓደኞች፣ መጠጥና ዕፅ፣ የቤተሰብ ሁኔታ፣ ትምህርትና ሥራ፣ የትርፍ ጊዜ አጠቃቀም። ከመጀመሪያው በቀር ሁሉም ሊለወጡ የሚችሉ ናቸው፤ ሥራችሁም እነዚያ ላይ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ «በራስ መተማመን» እንደሌለ ልብ በሉ። ብዙ ሥልጠና የሚያልፈው በራስ መተማመንን በማሳደግ ነው፤ አስተሳሰቡና ጓደኞቹ ባሉበት ቀርተው መተማመኑ ብቻ ካደገ ግን ያተረፋችሁት በራሱ የሚተማመን ሌባ ነው።

መረጃውን ከአንድ ሰው አፍ ብቻ አትውሰዱ። የፍርዱን ግልባጭ አስቀድማችሁ አንብቡ፤ ከዚያ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ለብቻው አናግሩት፤ በጥየቃ ቀን እናቱን ወይም ወንድሙን ያዙ፤ የክፍሉን ተጠሪ ጠይቁ። መጀመሪያ የተያዘው በስንት ዓመቱ ነው? ሊጠይቀው የሚመጣው ማን ነው? ስንቅ ሲመጣለት ከማን ጋር ይበላል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ጓደኞቹን ከማንኛውም ፎርም በተሻለ ያሳያችኋል። ከውጭ የመጡ የነጥብ መስጫ ቅጾችን ተጠቀሙ፤ «ከዚህ ነጥብ በላይ አደገኛ ነው» የሚለውን ቁጥራቸውን ግን አትመኑት፤ የተመዘነው በሌላ አገር ሰው ላይ ነው። ምንም ጥያቄ እንዳትዘሉ የሚያስታውስ ቅደም ተከተል አድርጋችሁ ያዙት።

ቀላሉንና ከባዱን አንድ ክፍል አትቀላቅሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ የ18 ዓመት ልጅ ከልምድ ነጣቂዎች ጋር ለሦስት ወር በክብ ሲቀመጥ የሚማረው የእናንተን ትምህርት አይደለም። ለዝቅተኛ ስጋት ሰው የሚሻለው ሥራው፣ ትምህርቱና ጥየቃው ሳይቋረጥ መተው ነው። የትምህርት ቤት ልጆችን «እንዲፈሩ» ብሎ ወደ ማረሚያ ቤት ማስጎብኘትም እዚሁ ላይ ይነሳል፦ አሜሪካ ውስጥ ተደጋግሞ ሲጠና የጎበኙት ልጆች ካልጎበኙት የባሰ ጥፋት ውስጥ ገብተው ተገኝተዋል። የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ቢመጣ በትሕትና መልሱት።

ከቡድን በፊት ሕመሙ

በገባ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ትምህርት የሚባል ነገር አይታሰብ። የሚታየው በሕይወት መቆየቱ ነው።

በየቀኑ አረቄ ይጠጣ የነበረ ሰው ድንገት ሲቆምበት ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። የሚጥለው ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ነው። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ ቦታና ጊዜ መሳት፣ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ይገድላል። ክፍሉ ውስጥ ያሉት «ጋኔን ነው» ይላሉ፣ ዘበኛው «አስመሳይ» ይላል። ትክክለኛው ቦታ ሆስፒታል ነው፦ በሐኪም ክትትል ዳያዜፓምና ቫይታሚን ቢ1፤ ቢ1ም ከግሉኮስ በፊት። ጫት ለብቻው አይገድልም፤ ሀራራው፣ የቀን እንቅልፉ፣ የሌሊት ዱካኩና ድብርቱ ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ቅሞ ጨብሲ የለመደ ሰው ግን ሁለቱንም ይዞ ይገባል፤ «ጫት ብቻ ነው» ሲላችሁ ምርቃናውን በምን ይሰብር እንደነበር ጠይቁት።

ራስን ስለማጥፋት በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። ሁለቱም ሃይማኖት ስለሚያወግዘው ግን «አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀጥታ የሚጀምር ሰው «አስተግፊሩላህ» ወይም «ሎቱ ስብሐት» ተብሎ ይመለሳል። «እዚህ ሲገቡ ብዙ ሰዎች መኖር ያስጠላቸዋል፤ አንተስ?» ብላችሁ ግቡና ከዚያ ሐሳቡን፣ መንገዱን፣ ቀኑን ጠይቁ። ይበልጥ የምትጠነቀቁት የገዛ ዘመዱን ለገደለ፣ ፍርድ በተሰጠበት ማግስት ላለ፣ ሚስቱ ፍቺ ለላከችበት፣ ጠያቂ ላቆመበት ነው። ለብቻ ክፍል መዝጋት መፍትሔ አይደለም፤ አደጋውን ያብሰዋል። ከሚተማመንበት ሰው አጠገብ አስተኙት፣ ገመድና ቀበቶ አንሡ፣ በዚያው ቀን ለአእምሮ ጤና ባለሙያ አሳዩት።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን አልፏል፤ ደሴም ኮምቦልቻም ወልዲያም አይተውታል። ስለዚህ በድምፅ የሚደነብር፣ ጀርባውን ለበር የማይሰጥ፣ ሌሊት የሚጮህ ታራሚ «ሥርዓት የለሽ» ተብሎ ከመቀጣቱ በፊት ምን እንዳየ ይጠየቅ። ዘበኞቹም ከዚያው አገር ናቸው፤ አንዳንዱ የታራሚውን ያህል ያልታከመ ነው።

ለሚጥል በሽታና ለከባድ የአእምሮ ሕመም ትልቁ ጠንቅ መድኃኒቱ ከፖሊስ ጣቢያ ወደ ማረሚያ ቤት ሲዛወር መቋረጡ ነው። ቤተሰቡ የሆስፒታል ካርዱን እንዲያመጣ በመጀመሪያው ጥየቃ ንገሩት። ጠበልም ዱዓም ከመድኃኒቱ ጋር አብረው መሄድ ይችላሉ፤ ቄሱንና ሼሁን ራሳችሁ አናግራችሁ «መድኃኒቱን እየወሰድክ» የሚለውን ቃል ከእነሱ አፍ እንዲሰማ አድርጉ፤ ከእናንተ ይልቅ ይሰማቸዋል። ረመዳን ሲገባ በቀን አንዴ የሚወሰደውን ወደ ማታ፣ ከኢፍጣር በኋላ ለማዞር ከሐኪሙ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ከጾመና ውኃ ካነሰው መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊመርዘው ስለሚችል ያ ብቻውን ሐኪም ይፈልጋል።

ሕመሙ ከፍርድ በፊት ከታየ ነገሩ የጤና ብቻ አይሆንም። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 48 እና 49 ስለ ኃላፊነት አለመኖርና መጉደል፣ በ51 ስለ ባለሙያ ምርመራ፣ ከ129 ጀምሮ ስለሚወሰዱ የጥበቃና የሕክምና እርምጃዎች ይናገራል። ጠበቃው ወይም ዓቃቤ ሕጉ እንዲያውቅ አድርጉ። አንድ ባለሙያ ግን የዚያው ሰው አካሚም የፍርድ ቤት መርማሪም አይሁን፤ ሁለቱ ወንበሮች አይገናኙም።

«ሰይጣን አሳሳተኝ»

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። ከ8 እስከ 10 ሰው፣ ሁለት አመቻች፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በእያንዳንዱ 2 ሰዓት፣ ለ12 ሳምንት። ጠቅላላው 48 ሰዓት ይሆናል። ካናዳ ውስጥ ለመካከለኛ ስጋት ወደ 100፣ ለከፍተኛ ወደ 200 ሰዓት እንደሚያስፈልግ ታይቷል፤ እኛ ያንን ስለማንደርስበት ክፍተቱን የምንሞላው በየመሀሉ ባለው ልምምድ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ምስጢር የት እንደሚያበቃ ተናገሩ፦ ራሱን ሊጎዳ፣ ሰው ሊጎዳ ወይም ሊያመልጥ ያቀደ ከሆነ አትደብቁም፤ ሌላው እዚያው ይቀራል። ዘበኛ ክፍሉ ውስጥ አይቀመጥ፤ በር ላይ ይቁም። የክፍል ካቦና የሱ ሰዎች አንድ ቡድን ውስጥ አይግቡ፤ ካቦው ካለ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። ጉዳዩ ገና ቀጠሮ ላይ ያለ ወይም ይግባኝ የጠየቀ ሰው የድርጊቱን ዝርዝር በቡድን እንዲናገር በፍጹም አታድርጉ፤ የሰማው ሰው ነገ ምስክር ሊሆን ይችላል። እሱ በማረሚያ ቤት ውስጥ ባለ ጠብ ላይ ይሥራ።

ሥራው የድርጊቱን ሰንሰለት መፍታት ነው። ታራሚው «ሰይጣን አሳሳተኝ» ይላል። አትከራከሩት፤ «ሰይጣኑ በስንት ሰዓት መጣ? ከመምጣቱ በፊት የት ነበርክ? ከማን ጋር?» በሉት። መሬት ላይ መስመር አስምሩና ወደ ኋላ ሂዱ። የሚከተለው ለማሳያ የተቀናበረ ነው። ከሦስት ወር በፊት፣ ቀደም ሲል ወንድሙን የገደሉበት ቤተሰቦች ድንበር ገፉ። ከሳምንት በፊት ለቅሶ ላይ አንዲት ዘመድ በሙሾ የሟቹን ስም አነሣችና ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ጠዋት ገበያ ሲወጣ «ለጥንቃቄ» ብሎ ክላሹን ያዘ። ቀን ላይ አረቄ ቤት ገባ። ሰውዬው በበሩ አለፈ። አብሮት የሚጠጣው «ያው መጣልህ» አለ። ተኮሰ።

በየቋጠሮው ላይ አራት ነገር ይጠየቃል፦ ምን ሆነ፣ ምን አሰብክ፣ ሰውነትህ ምን ሆነ፣ ምን አደረግህ። «ድንገት ነው» ያለው ሰው ከሦስት ወር በፊት ጀምሮ ሲሄድ እንደነበር ራሱ ያየዋል። ከዚያ መውጫ በሮች ይፈለጋሉ። ከላይ ባለው ላይ ቢያንስ ሦስት አሉ፦ ከለቅሶው በኋላ ባለው ሳምንት፣ ክላሹ ሲያዝ፣ አረቄ ቤቱ ሲገባ። ጓደኛው ከተናገረ በኋላ ያለው አራተኛው በር ጠባብ ነው። አዲስ ባለሙያዎች ጊዜያቸውን ሁሉ የሚያፈስሱት እዚያ ነው፤ ሰፊዎቹ በሮች ግን ቀድመው የሚመጡት ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። ደም መመለስ ብዙ ጊዜ የቁጣ ወንጀል አይደለም። ወራት የታሰበ፣ የቀዘቀዘ ነገር ነው። እንደዚህ ላለው ሰው ትንፋሽ መቁጠርና እስከ አሥር መጠበቅ ማስተማር ዓላማውን ረጋ ብሎ እንዲፈጽም ማገዝ ነው። የሱ ችግር «ደም ካልመለስኩ ሰው አይደለሁም» የሚለው እምነት ነው። እምነቱን ፊት ለፊት ብትነቅፉት ለክብሩ ይቆማል። ሒሳቡን አስቆጥሩት፦ ከደሙ በኋላ ማሳው ማን ያርሰዋል? ልጆቹ ስንት ዓመት ከትምህርት ቀሩ? ሚስቱ የት ናት? የሟቹ ወንድም አሁን ስንት ዓመቱ ነው፣ ሲያድግ ማንን ይፈልጋል? መልሱን ከእናንተ ይልቅ ከጎኑ የተቀመጠ ሌላ ታራሚ ሲናገረው ይገባል። ገበያ ላይ በስካር ሰው የወጋው ግን የቁጣ ልምምዱ ያስፈልገዋል። ሚስቱን የሚደበድብ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ ዘበኛውን ሳይመታ ሚስቱን ብቻ የሚመታ ሰው ቁጣውን መግዛት ያውቃል። ከሱ ጋር የሚሠራው «ሚስት የኔ ናት» በሚለው ላይ ነው። የሷ ደኅንነት ሳይረጋገጥ ባልና ሚስቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ማስታረቅ እሷን ለአደጋ መስጠት ነው።

ልምምዱ ትወና ነው፤ ከሁሉ የሚበላሸውም እሱ ነው። አንድ ጊዜ ይደረጋል፣ ሁሉም ይስቃል፣ ያልፋል። ቢያንስ አምስት ስድስት ጊዜ ይደገም፣ በየዙሩ ስድቡ ይክበድ። አንዱ «አንተ፣ የወንድምህን ደም ጥለህ ጫት ትቅማለህ?» ይበለው። ሌላው እንዲመልስ ይለማመድ፦ «ጋሼ፣ ጉዳዩ በሽማግሌ ተይዟል፤ ቃል ሰጥቻለሁ።» ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከብዙ ገጽ የቁጣ ትምህርት ትበልጣለች፤ ምክንያቱም ክብሩን ሳታስነካ ታስወጣዋለች፤ በሰው ፊት ሽማግሌን ማስቀየም ለተሳዳቢውም ይከብዳል። ድምፁን፣ የቆመበትን ቦታ፣ እጁን፣ የሚወጣበትን አቅጣጫ ሁሉ አስተካክሉ።

የቤት ሥራው ክፍሉ ውስጥ አለ፦ የውኃ ወረፋ፣ የመኝታ ቦታ፣ የስልክ ተራ። መጻፍ የማይችለው ክር ይያዝ፤ ጠብ ሊጀምር ሲል በተመለሰ ቁጥር አንድ ቋጠሮ ይቋጥር፤ በቀጣዩ ቀን እያንዳንዱን ቋጠሮ ይተርክ። ያለ ቋጠሮ የሚመጣውን አትገሥጹት፤ የትኛው ቀን ከብዶት እንደነበር ጠይቁ።

ቡድን የሚያፈርሱ ነገሮች ሁልጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። አመቻቹ ሰባኪ ይሆናል። ተገኝነት ከአመክሮ ጋር ይያያዝና ሁሉም የሚፈለገውን ይናገራል፤ ስለዚህ የምትሰጡት ወረቀት «ተገኝቷል» ብቻ ይበል፣ «ታርሟል» አይበል። ሌላው ሙሉ ኑዛዜ ካልወጣ አንቀጥልም ማለት ነው። የካደ ሰው ላይ ማፍጠጥ ሀፍረቱን ብቻ ያጎላል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ይደበቃል። በሚያምነው ክፍል ላይ ጀምሩ።

የወሲብ ጥቃት ፈጻሚዎችን እዚህ ቡድን ውስጥ አታስገቡ። እንግሊዝና ዌልስ ለዓመታት የተመኩበት የቡድን ፕሮግራም በ2017 ሲገመገም የወሰዱት 10 በመቶ፣ ያልወሰዱት 8 በመቶ ዳግም የወሲብ ወንጀል ፈጽመው ተገኙና በሌላ ተተካ። ጥሩ የታሰበ ሥራም ሊጎዳ ይችላል።

ሴት ታራሚዎች ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ ይረሳሉ። የወንዶቹን ፕሮግራም ገልብጦ መስጠት አይሆንም፤ ከድርጊታቸው በፊት ረጅም ድብደባ የተቀበሉ ብዙ ናቸው፣ ዳግም የመፈጸም ስጋታቸውም በአመዛኙ ዝቅ ያለ ነው።

ገንዘብና ሕክምና አብረው

ከአፍሪካ ከተሠሩት ጥናቶች ለኛ የሚቀርበው የላይቤሪያው ነው። ሞንሮቪያ ውስጥ 999 ለወንጀልና ለጠብ የተጋለጡ ወንዶች በዕጣ ተከፋፈሉ፦ ለአንዱ 8 ሳምንት ሲቢቲ፣ ለአንዱ 200 ዶላር፣ ለአንዱ ሁለቱም፣ ለአንዱ ምንም። ገንዘቡ ብቻውን ቶሎ አለቀ። ሕክምናው ብቻውን መጀመሪያ ሠራ፣ በዓመቱ ደከመ። ሁለቱንም ያገኙት ላይ ስርቆቱና ጠቡ በግማሽ ገደማ ወረደ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ሲታዩም ውጤቱ አልጠፋም። አመቻቾቹ ራሳቸው ከዚያ ሕይወት የወጡ ሰዎች ነበሩ።

ለኛ የሚሰጠው ትምህርት ቀጥተኛ ነው፦ ታራሚው በብሎኬት፣ በሽመና፣ በእንጨት ሥራ ከሚያገኘው ላይ ለመውጫው እንዲቆጥብ ይደረግ፤ ገንዘቡም የመጨረሻዎቹ የቡድን ሳምንታት ላይ ይታቀድበት። የሙያ ማስረጃው በማረሚያ ቤቱ ማኅተም ብቻ ከሆነ ለአሠሪ የእስር ታሪኩን የሚነግር ወረቀት ነው። በሙያ ብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ተመዝኖ ማረጋገጫ ይያዝ፤ ኮምቦልቻ ያለ አሠሪ ያንን ሲያይ የት እንደተማረ አይጠይቅም።

እርቁ

ፍርድ ቤት ሰውዬውን ይቀጣዋል፤ ደሙን አያደርቀውም። 15 ዓመት ጨርሶ የወጣ ሰው በሳምንቱ መንገድ ላይ ሊገደል ይችላል። ስለዚህ የደመኛ ጉዳይ ያለበት ታራሚ ተሃድሶ ከግቢው ውጭ ግማሽ አለው። ወሎ ለዚህ የራሱ ሰዎች አሉት፦ አበጋር የሚባሉ ባህላዊ አስታራቂዎች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ ሼሆችና የነፍስ አባቶች፤ በራያ ቆቦ ደግሞ ዘወልድ የሚባሉ የደም አስታራቂዎች። ባለሙያው ሽማግሌ ልሁን አይበል። የሱ ድርሻ ጊዜውን መጠበቅና ታራሚውን ማዘጋጀት ነው።

ጊዜው እንዲህ ይሰላል። በሕጉ አመክሮ የሚቻለው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛው ሲፈጸም፣ በዕድሜ ልክ ደግሞ ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ቢያንስ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ቁጠሩና መልእክቱን ያኔ አስጀምሩ። መልእክተኛው የታራሚው ወንድም አይሁን፤ ሁለቱም ወገን የሚያከብረው ሦስተኛ ሰው ይሁን። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ታረቁ» ሳይሆን «ልንመጣ እንችላለን ወይ?» ነው። እምቢ ካሉ ወራት ቆይቶ እንደገና። ታራሚው ደግሞ እምቢታን እንዲችል በትወናው ይዘጋጅ፤ ብዙዎች በመጀመሪያው እምቢታ «እንግዲያማ» ብለው ወደ ድሮው ሐሳብ ይመለሳሉ።

የሚበላሸው የት ነው? የእርቅ ወረቀት የይቅርታ ማመልከቻን ስለሚያግዝ በጥድፊያ ይፈረማል፤ አጎቱ ፈርሞ የሟቹ ልጅ ያልሰማበት እርቅ እርቅ አይደለም። መበለቷንና ያደጉትን ልጆች ለብቻቸው ማን እንዳናገረ ጠይቁ። ካሳው ሌላው ነው፦ ወንድሞቹ በሬ ሸጠው ከከፈሉ፣ ታራሚው የሚወጣው ወደ ዕዳና ወደ ቅሬታ ነው፤ ማን ስንት እንደከፈለ፣ እንዴት እንደሚመልስ ከመውጣቱ በፊት ይታወቅ። ሴት ልጅን የእርቅ ማሰሪያ አድርጎ መዳር ሲነሣ ከሰማችሁ ዝም አትበሉ፤ ያ ሌላ ወንጀል ነው። መሐላው ላይ ሁለት ሃይማኖት ካለ ሁለቱም ይገኙ፤ ወሎ ላይ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

በሩ ላይ

አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ከእስር የወጡ ሰዎች ሲጠኑ (2007)፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ነዋሪ 12.7 እጥፍ ነበር። እዚያ ዋናው ገዳይ ዕፅ ነው፤ ሰውነት መቻሉን ረስቶ ሳለ በድሮው መጠን ይወስዳሉ። አረቄም ያው ነው። የመውጫ ደስታ ላይ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ተብሎ የሚቀዳለት ብርጭቆ ከአምስት ዓመት በፊት የሚችለው ነበር፤ አሁን አይችለውም። ይህን ለእሱም ለሚቀበሉት ዘመዶችም ንገሩ።

ከመውጣቱ ከአንድ ወር በፊት አንድ ገጽ ወረቀት አብራችሁ ሙሉ። የመጀመሪያው ሌሊት የት ያድራል? ማን ይቀበለዋል፣ በምን መኪና፣ በየትኛው መንገድ? የደመኛው ወረዳ ላይ መናኸሪያ መውረድ አለበት ወይስ ሌላ አለ? ቤት ያለው መሣሪያ የት ነው? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ባለሙያ ያፍረዋል፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን መሣሪያ የሌለበት ቤት ላይ መተማመን አይቻልም፤ ከመውጣቱ በፊት ለሽማግሌ ወይም ለሩቅ ዘመድ ይተላለፍ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የማይሄድበት የገበያ ቀን የትኛው ነው? ለቅሶ ሲጠራ ከማን ጋር ይሄዳል? መታወቂያው ጊዜው አላለፈም? መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ የአንድ ወር ይዟል ወይ፣ ቀጣዩ ቀጠሮ ደሴ ነው ወይስ ወረዳው ሆስፒታል?

ከዚያ ስልክ። በመጀመሪያው ሳምንት፣ በወሩ፣ በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር ይደወል። ቁጥሩ ካልሠራ ሽማግሌው ይጠየቅ፤ ስለዚህ የሽማግሌውም ቁጥር ወረቀቱ ላይ ይኑር። መዝገቡ ላይ የሚገባው ዳግም ተያዘ አልተያዘም፣ ሥራ አለው የለውም፣ እርቁ ቆሟል ወይስ ፈርሷል ነው። ቡድን ውስጥ ያልገቡና ስጋታቸው ተመሳሳይ የሆኑ የወጡ ሰዎችንም በዚያው መዝገብ ጻፉ፤ ያለ እነሱ የእናንተ ሰዎች ውጤት ከምን ጋር ይነጻጸራል?